በናሽናል ኤርፖርት ሰማይ ስላለው አደጋ የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ የዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ አባላት
ዋሽንግተን ዲ.ሲ.

ጉዳዩ፦ በሬገን ናሽናል ኤርፖርት ዙሪያ ያለው የበረራ መጨናነቅና የተቆጣጣሪዎች የሥራ ጫና እንዲቃለል ስለመጠየቅ

እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረ አመልካቾች በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። የብዙዎቻችን እንጀራ ከኤርፖርቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ታክሲ እንነዳለን፣ ሻንጣ እንጭናለን፣ ሌሊት እናጸዳለን። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍነው የሚፈርሙት እናቶችና አባቶች የሚፈርሙበትን ቃል እንዲያውቁት ብለን ነው፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ተያይዟል። የበረራ ባለሙያዎች አይደለንም። አቤት የምንለው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ ለሕዝብ ይፋ ያደረገውን ይዘን ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ምሽት ከዊቺታ፣ ካንሳስ የመጣ የመንገደኞች ጄት በመንደርደሪያ 33 ሊያርፍ ሲል ከጦር ሠራዊቱ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቁ። 67 ሰዎች አለቁ። በዚያ ሰዓት በኤርፖርቱ የቁጥጥር ማማ ውስጥ የአውሮፕላኖቹም የሄሊኮፕተሮቹም ሥራ ተጣምሮ በአንድ ተቆጣጣሪ እጅ ነበር። ተቆጣጣሪው ሁለቱንም ያነጋግራል፤ አብራሪዎቹ ግን በተለያየ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ስለነበሩ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ከሄሊኮፕተሩ ጄቱን አይተነዋል፣ በዓይናችን እየተከታተልን እንርቃለን የሚል መልስ መጣ፤ ተፈቀደ። ጨለማ ነው። ከታች የከተማው መብራት፣ ከፊት ደግሞ ለማረፍ የተሰለፉ የሌሎች አውሮፕላኖች መብራት አለ። ግጭት ሲቃረብ ለአብራሪው ውጣ ወይም ውረድ ብሎ የሚያዘው መሣሪያ በዚያ ዝቅታ ላይ ትእዛዝ አይሰጥም፤ እንዲያ ሆኖ የተሠራ ነው።

ተቆጣጣሪውን ለመክሰስ አልመጣንም። ቅሬታችን የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ላይ መጫኑ እንደ ተራ ነገር መታየቱ ነው።

አደጋው ድንገተኛ ነበር እንዳይባል ቁጥሩ አለ። ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ በዚህ ኤርፖርት የመንገደኛ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር በጎን ከአንድ የባሕር ማይል፣ በከፍታ ከ400 ጫማ ባነሰ ርቀት የተቀራረቡበት ጊዜ 15,214 ነው። ከእነዚህ 85ቱ በጎን ከ1,500፣ በከፍታ ከ200 ጫማ በታች ነበሩ። ሄሊኮፕተሩ በተፈቀደለት 200 ጫማ ላይ ቢበር እንኳ ወደ መንደርደሪያ 33 ከሚወርድ አውሮፕላን ጋር የሚኖረው ልዩነት ከ75 ጫማ እንደማይበልጥ ቦርዱ አስልቶታል። ይህ ሁሉ መረጃ በመንግሥት እጅ ነበር። የጠፋው ቁጥሩን አንብቦ የሄሊኮፕተሩን መስመር የሚዘጋ ሰው ነው። መስመሩ የተዘጋው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ይቅርታ ይደረግልንና፣ በአገራችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በማርች 2011 በዚሁ ማማ ብቻውን ሌሊት ይሠራ የነበረ ተቆጣጣሪ እንቅልፍ ጥሎት ሁለት አውሮፕላኖች ከማማው መልስ ሳያገኙ አረፉ፤ ሁለተኛ ሰው የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከግጭቱ ሦስት ወር በኋላ፣ ሜይ 1 ቀን 2025፣ ወደ ፔንታጎን በሚሄድ ብላክ ሆክ ምክንያት ሁለት አውሮፕላኖች ማረፋቸውን ትተው እንደገና ወጡ። ያኔ ነው ማማውን ከፔንታጎን ጋር የሚያገናኘው ቀጥታ ስልክ ከ2022 ጀምሮ እንደማይሠራ የተሰማው።

የተከበራችሁ የኮንግረስ አባላት፣ በድፍረት የምንናገረው አለ። ዋናው መንደርደሪያ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ የበለጠ ሥራ የሚበዛበት መሆኑ እየታወቀ፣ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሴናተሮችም እየተቃወሙ፣ በ2024 በወጣው ሕግ በቀን አምስት የደርሶ መልስ በረራ የጨመረው ይኸው ምክር ቤት ነው። ለተጨመረው በረራ የሚበቃ ተቆጣጣሪ ግን አልተጨመረም። ተቆጣጣሪ ደግሞ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ከ31 ዓመቱ በፊት ካልተቀጠረ አይገባም፣ ዓመታት ይሠለጥናል፣ በ56 ዓመቱ ይወጣል። በብዙ ቦታ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራሉ። በ2025 መጸው መንግሥት ለ43 ቀናት ሲዘጋ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። (ኤርፖርቱ በ1981 አድማ የመቱ ከ11 ሺህ በላይ ተቆጣጣሪዎችን ባባረሩት ፕሬዚዳንት ስም እንደሚጠራ ልብ የሚል ልብ ይበል።)

ስለዚህ በረራ በሚበዛበት ሰዓት የሄሊኮፕተርና የአውሮፕላን ቁጥጥር በአንድ ሰው ላይ እንዳይጣመር በሕግ እንዲደነገግልን፣ ሰው ሲጎድልም ጫናው በቀሩት ላይ ከሚወድቅ በረራው እንዲቀነስ እንለምናለን። በ2024 የተጨመሩት በረራዎች እንደገና ይታዩ፤ ሌላ አይጨመር። የተጋጨው ሄሊኮፕተር ያለበትን ቦታ ለአካባቢው አውሮፕላኖች የሚያሳውቅ ምልክት አያሰራጭም ነበር፤ የጦር ሄሊኮፕተሮች በኤርፖርቱ አካባቢ ይህን ምልክት ሳይከፍቱ እንዳይበሩ ይከልከል። መንግሥት ቢዘጋም የተቆጣጣሪዎች ደመወዝ አይቋረጥ። ተቀራርበው የሚያልፉ በረራዎች ቁጥርም በየሦስት ወሩ ለሕዝብ ይውጣ፤ ከቁጥሩ ጎን ምን እርምጃ እንደተወሰደ ይጻፍ።

ወጪው ከበዛ እኛም ግብር ከፋዮች ነን፤ ለዚህ የሚወጣውን አንቃወምም። የበረራ መቀነስ ገቢያችንን እንደሚነካውም አስበንበት ፈርመናል።

ምላሹ በጽሑፍ እንዲደርሰን፣ ስንጠራም ቀርበን እንድናስረዳ እንዲፈቀድልን በትሕትና እናመለክታለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አመልካቾች