የሕሙማን ማድ ቤትና የተቈጣጣሪው ሥልጣን

ጤነኛ ሰው የቀረበለትን ምግብ ቢጠረጥረው ይተወዋል፤ ወይም ወደ ሌላ ቤት ሄዶ ይበላል። በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖር ሰው ግን የቀረበለትን ከመብላት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ሆዱም እንደ ጐልማሳ ሆድ አይደለም፤ በእርጅና ምክንያት የጨጓራው አሲድ ይቀንሳል፤ ደዌን የመከላከል ኃይሉም ይደክማል፤ ስለዚህ ሌላውን ሰው ሁለት ቀን አስተኝቶ የሚለቀው ተቅማጥ እርሱን ለሞት ያደርሰዋል።

እንደ ኤሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. በኦገስት ወር መጨረሻ፥ በእንግሊዝ አገር በዌክፊልድ ከተማ ስታንሊ ሮይድ በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የደረሰው መከራ ይህን በግልጽ የሚያስረዳ ነው። ጊዜው የዕረፍት በዓል የተጨመረበት ሰንበት ነበረ፤ ተጠብሶ የቀዘቀዘ የበሬ ሥጋም በሞቃት ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ ለብዙ ሰዓት ቈየ። በዚያ ሥጋ ላይ ሳልሞኔላ የተባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ተራባ፤ ከ400 የሚበልጡ ሕሙማንና ሠራተኞች ታመሙ፤ ከሕሙማኑም 19 ሰዎች ሞቱ።

የነገሩ ምሥጢር በቍጥር ሲታይ ያስደንቃል። እንዲህ ያለው ተሐዋሲ ሙቀቱ በተስማማው ጊዜ በ20 ደቂቃ ያህል እጥፍ ይሆናል፤ አንዱ ብቻ ቢገኝ እንኳ በ7 ሰዓት ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል ማለት ነው። ምግቡም መልኩንና ሽታውን ላይለውጥ ስለሚችል፥ ወጥ ቤቱ ቀምሶ የሚያውቀው ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትኩስ ሆኖ እንዲቈይ፥ አለዚያም ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቀዘቅዝ፥ በተራ ክፍል ሙቀት ግን ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ የሚመክረው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ከሥጋው ይልቅ የሚያሳስበው የሕጉ ነገር ነው። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች የዘውድ ክፍል ናቸው ተብሎ በምግብ ንጽሕና ሕግ አይከሰሱም ነበር። የከተማው የጤና ሹም መንገድ ዳር ያለውን ምግብ ቤት ስለ ቈሻሻው ወደ ዳኛ ለማቅረብ ሲችል፥ ለሕሙማን የሚያበስለውን የመንግሥት ማድ ቤት ግን ከመምከር በቀር በሕግ ሊያስገድደው አልተቻለውም። ለጤነኛው የተደረገው ጥበቃ ለደካማው ሳይደረግ ቀረ። የምርመራው ጉባኤ ዘገባውን በ1986 ካቀረበ በኋላ፥ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ ይህ ነጻነት ተሻረ፤ ከ1987 ጀምሮም የሆስፒታል ማድ ቤቶች እንደ ማናቸውም ምግብ ቤት በሕግ ይጠየቁ ጀመር። መንግሥት በራሱ ቤት ላይ ዳኛ እንዲገባ መፍቀዱ የሚያስመሰግነው ነው፤ 19 ሰው እስኪሞት መቈየቱ ግን አያስመሰግነውም።

ሕግ መውጣቱም ሥራውን አልጨረሰውም። በ2019 በዚያው አገር ከውጭ ተዘጋጅቶ ወደ ሆስፒታሎች በሚገባ ሳንድዊች ምክንያት ሕሙማን በሊስቴርያ ተይዘው ሞቱ፤ መንግሥትም የሆስፒታሎች ምግብ እንዲመረመር አዘዘ። ሊስቴርያ በማቀዝቀዣ ውስጥም ቀስ ብሎ የሚራባ ስለ ሆነ፥ ምግቡ ከተሠራ ስንት ቀን እንደ ሆነው ካልታወቀ ቅዝቃዜ ብቻውን አያድንም።

በኢትዮጵያም አረጋውያንና ሕፃናት የሚረዱባቸው ቤቶች በበዓል፥ በሠርግና በተዝካር ቀን ከበጎ አድራጊዎች ምግብ ይቀበላሉ። ልማዱ የተመሰገነ ነው። ዳሩ ግን ሌሊት የበሰለ ወጥ በትልቅ ድስት ተከድኖ፥ ቀስ በቀስ እየበረደ እስከ እኩለ ቀን ሲጠብቅ፥ ተሐዋስያን የሚራቡበትን ሰዓት ሁሉ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ስጦታ የሚረከብ ሰው ምግቡ መቼ እንደ በሰለ ጠይቆ የሚጽፍበት መዝገብና ሙቀቱን የሚለካበት ቴርሞሜትር፥ ከሁሉም ይልቅ ሰጪውን ሳያፍር «ይህ አይቀርብም» ለማለት የሚያስችል ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል።