የተላከ ሰው ዕዳ

በክረምቱ መግቢያ፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መዝገብ በየቀበሌው ተከፍቶ ወጣቶቻችን የአረጋውያንን ቤት ለመጠገንና ችግኝ ለመትከል ስማቸውን በሚያስመዘግቡበት ሰሞን፣ ከባሕር ማዶ ደግሞ የዓለም አቀፍ የወጣቶች ማኅበራት የጉባኤ ጥሪ ይደርሳል። ጥሪውን ተቀብሎ ቪዛ የሚጠብቅ አንድ ወጣት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ወሬው ከፒያሳችን ፖስታ ቤት ማዕዘን ተነሥቶ በአንድ ቀን ከተማውን ያዳርሳል፤ ሰሚውም በሁለት ይከፈላል። እኩሌታው «ልጃችን የጎንደርን ስም ሊያስጠራ ነው» ብሎ ይመርቃል፤ እኩሌታው «ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለስ ይሆናል፤ ያውም ከተመለሰ» ብሎ ያፌዛል። እኔ ከሁለቱም ወገን ለመቆም አልቻልሁም፤ መራቂውም ፌዘኛውም ዓይኑን በተጓዡ ላይ ብቻ ስለ ጣለ፣ የላኪውን ነገር የሚያነሣ ሰው አላገኘሁምና።

ጉባኤ ሁሉ ከንቱ ነው ለሚለው ወገን አስቀድሜ መልስ ልስጥ። እንደ ምዕራባውያን አቆጣጠር በ325 ዓመት ሠለስቱ ምዕት ሊቃውንት በኒቅያ ተሰብስበው የአርዮስን ክህደት በመረመሩ ጊዜ፣ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከእለ እስክንድሮስ ጋር ባሕር ተሻግሮ የመጣው አትናቴዎስ ገና ወጣት ዲያቆን ነበረ፤ የመወሰን ሥልጣኑም የጳጳሳቱ ነበረ። ኋላ ግን የጉባኤውን ቃል ወደ አገሩ ይዞ የተመለሰ፣ በመንበረ ማርቆስም ተቀምጦ ስለዚያ ቃል አምስት ጊዜ የተሰደደ፣ ለእኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመ ይኸው ዲያቆን ነው። በኒቅያ የተቀመጡት ብዙዎች ሲሆኑ፣ ስሙ በየቅዳሴው የሚነሣው ከተመለሰ በኋላ የደከመው ሆነ።

የቀይ መስቀልም ጅማሬ ከዚህ አይርቅም። በ1851 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ በሶልፌሪኖ፣ የኦስትሪያ ጦር ከፈረንሳይና ከሰርዴኛ ጦር ጋር ተዋግቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቁስለኞች ያለ ረዳት በወደቁ ጊዜ፣ ለንግድ ጉዳይ ወደዚያ የመጣው የጄኔቫው ሰው ሄንሪ ዱናን የ31 ዓመት ጎልማሳ ነበረ። ከካስቲልዮኔ ከተማ ሴቶች ጋር ሆኖ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ቁስል አጠበ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ ያየውን ጻፈ። ከዚያ ጽሑፍ የተነሣ በ1856 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በጄኔቫ ጉባኤ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴም 12 መንግሥታት ቁስለኛንና አስታማሚን ከጥቃት የሚጠብቀውን ውል ፈረሙ። የውጊያው 150ኛ ዓመት በታሰበበት በሰኔ 2001 ዓ.ም. ከብዙ አገሮች የተውጣጡ 500 ያህል ወጣት በጎ ፈቃደኞች በዚያው በሶልፌሪኖ ተገናኝተው የወጣቶችን የአቋም መግለጫ ማውጣታቸው፣ የቀይ መስቀል ወጣቶች ዛሬ በየአህጉሩ የሚጠራሩበት መንፈስ ከየት እንደ ፈለቀ የሚያስታውስ ነው።

ይሁን እንጂ የጄኔቫ ስም በተነሣ ቁጥር እኛ ኢትዮጵያውያን የምናስበው ሌላ ነገርም አለን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ስድስት ወርም ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ ሊረዳን የመጣው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በመልካ ዲዳ በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። በሰኔም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ቢሉ፣ ሰሚ ጆሮ እንጂ የሚዘረጋ ክንድ አላገኙም። ጎንደርም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ በጠላት እጅ ቆየች፤ ዛሬ ከበረንዳቸው ሥር ቡና የምንጠጣባቸው የፒያሳ ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። እንግዲህ በአዳራሽ የተጻፈ ቃል የቱን ያህል ቢያምር፣ በየአገሩ የሚጠብቀው ሰው ከሌለው ብራና ሆኖ እንደሚቀር ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ ብዙ አይደለም።

ይህን የምጽፈው አንድ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ወጣት ለውጭ ጉባኤ ያዘጋጀውን ማመልከቻ «ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ» ብሎ ስላሳየኝ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ስለ አቅም ግንባታ፣ ስለ ዘላቂ ልማትና ስለ መሪነት ክህሎት በሰፊው የሚያትት፣ የኖርዌይም ሆነ የኬንያ ወጣት ስሙን ብቻ ለውጦ ሊፈርምበት የሚችል ነበረ። «አንተ በእጅህ የሠራኸው የቱ ላይ ነው?» ብዬ ብጠይቀው ጥቂት ዝም አለና በስሜን ተራራ በጃናሞራ የሆነውን ነገር አወጋኝ፤ ምጥ የጠናባትን ሴት መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ በወሳንሳ አንሥተው፣ ትከሻ እየተለዋወጡ ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው፣ አምቡላንሱ ከቆመበት መንገድ ሲያደርሷት ሊነጋ ምንም እንዳልቀረው ነገረኝ። «ታዲያ ይህን ስለ ምን አልጻፍኸውም?» ብለው፣ «የገጠር ነገር ነዋ፤ እዚያ ማን ይሰማዋል ብዬ ነው» አለኝ።

እኔ ግን ጉባኤው ከዚህ ወጣት አፍ ሊሰማው የሚገባው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ነው እላለሁ። ስለ አቅም ግንባታ የሚናገር ሰው በጄኔቫም በናይሮቢም ሞልቷል፤ አንድ ወሳንሳ በስሜን ተራራ ስንት ተሸካሚ እንደሚፈልግ፣ በየስንት እርምጃው ትከሻ እንደሚለወጥ፣ በክረምት ወንዝ ሲሞላ የት ላይ እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ግን ከዚህ ካልሄደ ከሌላ አይመጣም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ፣ ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ለጎረፈው ተፈናቃይ እንጀራ ያሰባሰቡ፣ ቁስለኛ ያነሡ ወጣቶች የተማሩት በሥልጠና አዳራሽ ብቻ አልነበረም፤ ከደቦውና ከወንፈሉ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱና ከዕድሩ፣ በጥምቀትም ለታቦታቱ ምንጣፍ እያነጠፉ ከሚያድሩ ታላላቆቻቸው የወረሱት ምግባር ነበረ። ያ የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዓለም የባህል ቅርስነት የተመዘገበው በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በተደረገ ስብሰባ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ የእኛ ነገር በሩቅ አዳራሽ ሊመከርበት እንደሚችል፣ በዚያም ጠንቅቆ የሚያስረዳ ልኡክ እንደሚያስፈልግ አይስተውም።

እዚህ ላይ «ቋንቋ የማያውቅ ምን ብሎ ያስረዳል?» የሚል ይኖራል፤ ስለዚህም ልኡካን ሲመረጡ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ይቀድማል። የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ ግን እንመልከት። ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካስወጡ በኋላ ከአገር የተሰደደው ይህ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ ምንም እንኳ ወጣትም የጉባኤ ልኡክም ባይሆን፣ በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በተገናኘ ጊዜ የሚግባቡበት ቋንቋ ግእዝ ነበረ። በ1644 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ተጠርቶ ሄዶ የአገሩን ቋንቋ፣ ታሪክና ሥርዐት በዝርዝር ስላስረዳ፣ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ የጻፋቸው መጻሕፍት ለአውሮፓ ሊቃውንት የረጅም ዘመን ምንጭ ሆኑ። የሚነግረው ነገር ስለ ነበረው ሰሚው በእርሱ ቋንቋ አናገረው። የሚነገር ነገር የያዘ ወጣት አስተርጓሚ አያጣም፤ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ነገር የሌለውን ግን የሚያድነው አስተርጓሚ የለም።

ከዚህ የተላከ እውነተኛ ነገር ፍሬ ይዞ እንደሚመለስም ደጃችን ላይ ምስክር አለን። ከ70 ዓመት በፊት የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የደምቢያ ገበሬ መከራ ለባዕድ ጆሮ የደረሰው ሕመሙ ተመርምሮ፣ ሙታኑ ተቈጥረው ስለ ተነገረ ነው።

ወደ ጉባኤ የሚጠራውን ወጣት መንገድ ላይ የሚጠብቀውን ፈተና ሳላነሣ ባልፍ ግን ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። የአውሮፓ ቪዛ የሚጠይቅ የጎንደር ልጅ፣ መንገድ ክፍት ሲሆን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ቢከለከልም የማይመለስለትን ገንዘብ ከፍሎ ይቀርባል። በዚያም የባንክ ሒሳብህን፣ የደመወዝህን ማስረጃ፣ የትዳርህን ወረቀት አምጣ ይባላል፤ ወደ አገሩ ለመመለሱ ዋስ የሚሆኑት እነዚህ ናቸውና። በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ነው፤ ለጉባኤው ያስጠራው ይኸው ምግባሩ በቆንስላው መስኮት ፊት ጉድለት ሆኖ ይቈጠርበታል። ጥሪውን የሚያደርጉት ማኅበራት ይህን ግጭት ያውቃሉ፤ ጉባኤያቸውን በብዛት በአፍሪካ ከተሞች ቢያደርጉ፣ የወጣቱንም አገልግሎት በማኅተማቸው አስረግጠው ቢመሰክሩለት ግማሹን ችግር ያቃልሉለት ነበር።

የቀረው ግማሽ የእኛ ነው። ልኡክ የሚመረጠው በጓደኞቹ መካከል በአገልግሎቱ ተመዝኖ፣ ከመሄዱም በፊት «ይህን ንገርልን፣ ይህን ጠይቅልን» ተብሎ ቃል ተቀብሎ ሊሆን ይገባል። በተመለሰም በወሩ በመረጡት ሰዎች ፊት ቆሞ የሰማውን፣ የተናገረውን፣ ለሥራችን የሚበጀውንና የማይበጀውን ለይቶ ያስረዳ፤ ይህን ያላደረገ ልኡክ የላከ ቅርንጫፍም የሚቀጥለው ተራ ይለፈው። ሄዶ የሚቀር ቢኖር ምክንያቱን እግዚአብሔርና እርሱ ያውቁታል፤ የጓደኞቹን አደራ በደብዳቤም ቢሆን ከመመለስ ግን ርቀት አያግደውም።

ዕዳው በተላከው ላይ ብቻ የሚወድቅ አይምሰለን። የሚላክ ቃል የሚሰጥ፣ የሚመለሰውንም ቃል ተቀምጦ የሚሰማ ላኪ ከሌለ፣ ወጣቱ ከባዶ ወደ ባዶ የሚመላለስ መንገደኛ ከመሆን በቀር ምን ሊሆን ይችላል? ከስብሰባው የተመለሰ ልጅ ሲናገር ለመስማት አንድ ሰዓት ያልሰጠ ሰው፣ ጉዞው ፍሬ አልባ ነበረ ብሎ ሊፈርድበት አይገባውም።