ነጠላ ከመዘርጋታችን በፊት

«ጤና መድኅን የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የታመመ ወገናችንን እኛው በፍቅር ስጦታ እንረዳለን» የምትሉ ወጣቶች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ነጠላ የሚዘረጋው ለማን ነው? ለዘማሪው ወይስ ከኋላ ለምትቀመጠው፣ ስሟን ለማናውቃት እናት?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መንፈስ የሞላባት ቤተ ክርስቲያን እንኳ በየዕለቱ እርዳታ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹን መበለቶች ችላ ብላ ነበር። ሐዋርያት «ፍቅር ይበቃል» አላሉም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሥራውን ሰጧቸው።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባወራው በደኅናው ቀን እንዲያዋጣ፣ ሲታመም ደጅ እንዳይጠና የታሰበ ነው። የግል ኢንሹራንስማ በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ ለሚከፍልለት ሠራተኛ ነው፤ የጉልቷን ነጋዴ ማን አስገባት?

«መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» እንደሚባል አውቃለሁ፤ ያናድዳል። ስጦታችን እዚያ ክፍተት ላይ ይዋል እንጂ መድኅኑን አይተካ። ደጉ ሳምራዊም ቁስሉን ካሰረ በኋላ ለእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ለሚጨመረውም ወጪ ቃል ገብቶ ነው የሄደው።

ምዝገባው ሲከፈት መዋጮ ያቃታቸውን ቤተሰቦች ፈልጉና ለዲያቆናት ንገሩ። ከኋላ ወንበር ጀምሩ።