በእህል አገር የሚራብ ተማሪ

በጎጃም ምድር፣ ደንቡ በብራና ሳይጻፍ፣ በጀቱ በሸንጎ ሳይመከርበት፣ ዘበኛና መዝገብ ቤት ሳይኖረው፣ ከየአገሩ የፈለሱ ተማሪዎችን ለብዙ ምእት ዓመታት ሲመግብ የኖረ አንድ ታላቅ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም የአብነት ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልባትን በትር ጨብጦ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የቤቱ እመቤት ያላትን፣ ቁራሽ እንጀራም ቢሆን ጭብጥ ንፍሮም ቢሆን፣ የምትሰጥበት ሥርዓት ነው። ሰጪዪቱ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ፣ አባትህ ስንት ጥማድ በሬ አለው ብላ አትመረምርም፤ ተማሪውም በእመቤታችን ስም እንጂ በራሱ ስም ስለማይለምን አንገቱን አይደፋም። የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ቁራሽ ለምኖ መማሩ ወደ መዓርግ የሚያደርስ መንገድ ተደርጎ ይታይለት ነበር እንጂ ነውር ሆኖ አይቈጠርበትም። ከመንደር የተመለሱት ያገኙትን ወደ ጎጆአቸው አምጥተው ለታመመው፣ ዓይኑ ለማያይለት፣ በዕድሜ ለገፋው ጓደኛቸው አካፍለው ይበላሉ፤ የተረፈውንም ለክፉ ቀን እንዲሆን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል።

የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ጉባኤያት ያፈሯቸውን ሊቃውንትና ባለቅኔዎች ስናደንቅ፣ በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ተወልደው በዚሁ በቤተ ክህነት ትምህርት በኩል ያለፉትን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰሉ ደራስያን ከዚህ ምድር በመውጣታቸው ስንኮራ፣ ምስጋናችን ሁሉ ለመምህራኑና ለደቀ መዛሙርቱ ይሆናል፤ ከምሽት ጋገራዋ ላይ የማታውቀውን ልጅ ድርሻ ለይታ ታስቀምጥ የነበረችውን እናት ግን የጠቀሰ መጽሐፍ ጥቂት ነው። እኔ እንደማምነው ከሆነ የጎጃም ትምህርት ሁለት ምሰሶ ነበረው፤ አንዱ የመምህሩ ወንበር ሲሆን ሁለተኛው የእርስዋ መሶብ ነው።

ዛሬ በዚሁ በጎጃም፣ በደምበጫ ከተማ ሌላ ዓይነት ተማሪ አለ። ይህ ተማሪ ደበሎ አይለብስም፤ ዩኒፎርም ለብሶ ደብተሩን ይዞ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በገጠር ቀበሌው የሚገኘው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለሚያበቃ፣ አንዳንዱ ከቅርብ ቀበሌ፣ አንዳንዱም በፈረስ ቤት መንገድ ከደጋው በኩል ወርዶ፣ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል። አባትና እናቱ የቤት ኪራዩን እህል ሸጠው ይከፍሉለታል፤ ቀለቡን ደግሞ እርሱ ራሱ ቅዳሜ ወደ አገሩ ሄዶ እሑድ ማታ ተሸክሞ ይመለሳል፤ መንገዱ የራቀበትም በየሁለት ሳምንቱ ይመላለሳል። እሑድ ወደ ማታ ወደ ከተማው በሚያስገቡት መንገዶች ዳር የቆመ ሰው፣ እንጀራውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሽሮውን በላስቲክ ቋጥረው፣ በሶና ቆሎውን በከረጢት፣ ድንቹን በማዳበሪያ ጆንያ ይዘው የሚገቡትን ልጆች ተራ በተራ ሲያልፉ ያያል።

እንጀራ ግን ሳምንት አይቆይም። እሑድ ለስላሳ የነበረው ማክሰኞ ይደርቃል፣ ከዚያም ይሻግታል፤ ስለዚህ ብልህ የሆኑት ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቈራርሰው ፀሐይ ላይ በማስጣት ድርቆሽ ያደርጉታል፣ ሲርባቸውም በቀጭን ሽሮ አርሰው ይበሉታል። ባለፈው ጥቅምት በአንድ የተከራዮች ግቢ በኩል ሳልፍ፣ ከበሩ ፊት ለፊት በተዘረጋ ጆንያ ላይ ድርቆሽ ተሰጥቶ፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የባዮሎጂ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በአንድ እጇ ዶሮዎቹን እሽ እያለች ስትጠብቅ አየሁ። እንደምን አለሽ ልጄ ብዬ ሰላምታ ከሰጠኋት በኋላ ይህ እስከ መቼ ያደርሳችኋል ብዬ ጠየቅኋት። «እስከ ሐሙስ ያደርሰናል፣ ጋሼ» አለችኝ። ዓርብስ አልኋት። እርስዋም ፈገግ ብላ «ኧረ ዓርብማ ጾም ነው!» አለችኝ።

ይህ መልስ ከሰማሁት ቀን ጀምሮ ከልቡናዬ አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን ጾምን የሠራችልን ሥጋን ለነፍስ እንድናስገዛና ከማዕዳችን የቀነስነውን ለነዳያን እንድናካፍል ነው፤ አበው በትምህርታቸው ጾምን ከጸሎትና ከምጽዋት ለይተው አያስቡትም፤ የጾመ ሰው ያልበላውን ለተራበ ሳይሰጥ ለራሱ ካስቀመጠው ጾሙ ቁጠባ ይሆንበታል። በዚህች ልጅ ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ጾሙ የረሃቧ መሸፈኛ ሆኗል። ባዶ መሶብዋን ጎረቤት እንዳያውቅባት፣ የቤቱ ባለቤት እንዳትታዘባት፣ መምህሩም ፊቷ ለምን እንደ ገረጣ እንዳይጠይቃት፣ ረሃብዋን የጾም ልብስ አልብሳው ትውላለች። የአብነቱ ተማሪ ረሃቡን በአደባባይ ጮኾ የሚናገርበት ቃል ነበረው፣ የሚሰማውም ሰው ቃሉን ሲሰማ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያውቅ ነበር፤ ለዚህች ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠናትም። እርስዋ ብትለምን ነውር ነው፤ ዝም ብትል ግን ጨዋ ልጅ ተብላ ትመሰገናለች።

ደምበጫ ደግሞ የእህል አገር መሆኑን ማንም አይክደውም። ጤፉም በቆሎውም ስንዴውም በርበሬውም የሚበቅልበት፣ ከዚህ የተጫነው እህል በደብረ ማርቆስ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድበት ምድር ነው። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜአቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 46ቱ የቀነጨሩ ሆነው ሲገኙ፣ የመላው አገሪቱ ቍጥር ከመቶው 38 ነበር። እህል በብዛት የሚያመርተው ክልል ሕፃናቱ ከሌላው ይልቅ የቀነጨሩበት መሆኑ ሊያሳፍረንም ሊያሳስበንም ይገባል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የምግቡ ዓይነት ማነስ፣ የውኃው ንጽሕና ጉድለት፣ የእናቶች ድካም ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውንና ግብሩን ለመክፈል ሲል ዋጋው በሚወድቅበት በጥር ወር ከአውድማው ላይ ሸጦ፣ ዋጋው በሚንርበት በክረምት መልሶ የሚገዛ መሆኑ ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። የአዲሱ ዓመት ትምህርት የሚጀመረው የገበሬው ጎተራ በተራቈተበት፣ አዝመራውም ገና በማሳ ላይ ባለበት በመስከረም ነው፤ ልጁም ከሁሉ ይልቅ ባዶ ስንቅ ይዞ ወደ ከተማ የሚመጣው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የደረሰው ግጭት ትምህርት ቤቶችን አዘግቶ፣ መንገዱንም አስፈሪ አድርጎ፣ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለሱን እንኳ የማይታመን ነገር አደረገው።

ተማሪና ሕዝብ ተባብረው ረሃብን ሊቋቋሙት እንደሚችሉ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በወሎ ረሃብ ጊዜ፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዓለምን ከማስደንገጡ አስቀድሞ፣ በ1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ የወረዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ለዕይታ ቀርበው፣ ተማሪውና መምህሩ ለወገን ርዳታ ማሰባሰብ ጀምረው ነበር፤ ባለሥልጣኖች ረሃብ የለም በሚሉበት ሰዓት ረሃብ አለ ብሎ መናገርም እንደ እህል ያለ ርዳታ ነበር። ከዚያም ወዲህ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን፣ ራሱ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የተወለደ ማኅበር ሆኖ፣ የአብነት ተማሪዎችንና መምህራኑን በቀለብና በማደሪያ እየረዳ ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ በጎ ፈቃደኛ እናቶች በክፍል ውስጥ በረሃብ ይወድቁ ለነበሩ ሕፃናት ቁርስ ማብላት የጀመሩት ሥራ፣ በ2012 ዓ.ም. በከተማው አስተዳደር ተይዞ በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ ተማሪዎች የሚደርስ የምገባ መርሐ ግብር ሆኗል፤ በዚያው ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያትም ማዕድ ማጋራትና የምግብ ባንክ የሚሉት ቃላት በየወረዳው ተሰምተዋል።

በሠለጠነውና በበለጸገው ዓለም እንኳ የተማሪ ረሃብ አልጠፋም። በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ በፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው የመጀመሪያውን የምግብ ባንክ ያቋቋመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ሲሆን፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪዎች ራሳቸው ለተማሪዎች የሚያድሉበት የምግብ ባንክ በ1993 ተከፍቷል። ከዚያ የምንማረው አንድ ነገር ቢኖር አሠራሩን ነው፤ ተቀባዩ ያለ ምርመራ ይገባል፣ የሚያስፈልገውን በቦርሳው ይዞ ይወጣል፣ ቦርሳውም ከሌላው ተማሪ ቦርሳ አይለይም። በእኛ አገር ርዳታ ሲሰጥ ተቀባዩን አሰልፎ ፎቶግራፍ ማንሣትና በስብሰባ ላይ ማሳየት የተለመደ ሆኗል፤ እኔ ይህን ልማድ እጅግ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለሰጪው ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ለተቀባዩም ክብር ጭምር ነው።

ስለዚህ በደምበጫ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ የተማሪዎች ጎተራ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀርባለሁ። ጎተራው አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልገውም፤ እድሩ አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ የጽዋ ማኅበሩ አለ፣ በትምህርት ቤቱም የወላጅና መምህር ኅብረት አለ። የእድር ሰው ለሐዘን ቤት ምን ያህል እንጀራ እንደሚያስፈልግ፣ ማን እንደሚጋግርና ማን እንደሚያደርስ ምንም ወረቀት ሳይዝ ያውቃል፤ ይህን ዕውቀት ለሕያዋኑ ልጆችም ማዋል ይቻላል። እያንዳንዱ አባወራ በአውድማው ላይ ከሚሰፍረው አንድ ቁና ለጎተራው ቢለይ፣ የከተማው ነጋዴ ጨውና በርበሬ ዘይትም ቢጨምር፣ ወፍጮ ቤቶቹ በወር አንድ ቀን ለጎተራው ያለ ዋጋ ቢፈጩ፣ ሽሮና በሶ ከሻጋታ ተጠብቆ እስከ ሰኔ ይቆያል። በየሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ማንም ተማሪ ምክንያቱን ሳይጠየቅ የሁለት ቀን ቀለብ ይዞ ይሄድ ዘንድ በሩ ይከፈት።

ሥራውንም የሚያገለግሉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው፣ በዕለት ዕለት አገልግሎት መበለቶች ተዘነጉብን የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ሰባት ሰዎች በምእመናኑ አስመርጠው በማዕድ አገልግሎት ላይ ሾሙ፤ የዲቁና ሹመት መነሻም ይኸው የማዕድ አገልግሎት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። በደምበጫ ትምህርት ቤቶች ሰኞ ደብተር ይዘው እሑድ ጧፍ የሚይዙ ዲያቆናት ብዙ ናቸው፤ እነርሱና የቀይ መስቀል ክበብ አባላት፣ የእስልምና ተከታይ ጓደኞቻቸውም ዘካቸውንና ሰደቃቸውን ይዘው አብረው ቢቆሙ፣ እህል መስፈሩን፣ መዝገብ መያዙን፣ ለማንም አለማድላቱን ገና በልጅነታቸው ይለማመዱታል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም በአራተኛው ምእት ዓመት ቀጰዶቅያን ረሃብ በመታት ጊዜ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ከመገሠጹ ሌላ፣ የተራቡትን ሰብስቦ በገዛ እጁ አብልቷል፤ እኛ በስሙ ቅዳሴ የምንቀድስ ሕዝብ ነንና ይህን ታሪክ ከማንም ይልቅ ልናውቀው ይገባናል።

ይህ ልመናን ያስተምራቸዋል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አክብሬም እሰማቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ቁራሽ ለምነው የተማሩት ሊቃውንት ሰነፎች ሆነው ቀርተዋልን? የተራበ ልጅ የሚማረው ትዕግሥትን ሳይሆን ከክፍል መቅረትን ነው፤ ስንቁ ያለቀበት ሐሙስ ማታ ወደ አገሩ ተነሥቶ ዓርብን ያጣል፤ ዓርብን ደጋግሞ ያጣም ውሎ አድሮ ከትምህርቱ ይቀራል፤ ተማሪዋ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ለባል ትሰጣለች። መንግሥት ይሥራው የሚለውንም እቀበላለሁ፤ የተማሪዎች ምገባ ከአዲስ አበባ አልፎ እስከ ገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊደርስ ይገባዋል፤ ይህንንም ሳንታክት ልንጠይቅ ይገባናል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን የዚህ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል አይጠብቅም።

ዘንድሮ አዝመራው ከመወቃቱ በፊት፣ በኅዳር ወር ውስጥ፣ የወላጅና መምህር ኅብረቱ የየእድሩን ዳኞችና የአጥቢያውን ካህናት ጠርቶ ስለ ቁናው መጠን፣ ስለ ጎተራው ቦታና ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ይምከር፤ ቁልፉም በሦስት ሰዎች እጅ ቢሆን፣ ከሦስቱም አንዲቱ ከተከራይ ተማሪዎች መካከል የተመረጠች ልጅ ብትሆን እመርጣለሁ።