ጣት ያላገኘውን መቍረጥ

ብዙ ሰው ካንሰር ማለት በጡት ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ ዕብጠት ብቻ ይመስለዋል። የቀዶ ጥገና ሐኪምም ቢሆን ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት ጣቱን ማመን የቈየ ልማዱ ነበር። ይህን ልማድ ያናጋው ራጅ ነው። የበርሊኑ ሐኪም አልበርት ሳሎሞን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. በቀዶ ጥገና የወጡ 3000 ያህል ጡቶችን በራጅ መርምሮ፣ በካንሰሩ ውስጥ ደቃቅ ጥቋቍር ነጠብጣቦች ማየቱን ጻፈ። እነዚህ የካልሲየም ቅንጣቶች ናቸው፤ ዕብጠት ሳይኖርም ይታያሉ፤ ጣት ግን አያገኛቸውም።

እንግዲህ ሐኪሙ የማይዳስሰውን እንዴት አድርጎ ይቈርጣል? በግምት ቢገባ የዕውር ድንብር ይሆንበታል፤ ወይ ብዙ ጤነኛ ሥጋ ያነሣል፣ ወይ የፈለገውን እዚያው ትቶት ይወጣል። ለዚህ መላ ከተገኙት አንዱ፣ በ1976 የቦስተን ሐኪሞች ጽፈው ያሳተሙት፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ነው። የራጅ ሐኪሙ ምስሉን እየተመለከተ መርፌውን እስከ ተጠረጠረው ስፍራ ይሰደዋል። መርፌው ሲሳብ ሽቦው ሥጋውን ይዞ ይቀራል፤ ቀዳጁም እርሱን መሪ አድርጎ ይገባል። ሽቦው ከተሳበ ስፍራውን ይለቃልና ጥንቃቄ ይሻል።

በእኔ አስተያየት ግን ቢላዋ የመጀመሪያው ምርመራ ሊሆን አይገባውም። ለናሙና ከሚፈለጉት ከእነዚህ ምልክቶች የሚበዙት ካንሰር ሆነው አይገኙም። በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየተመሩ ወፈር ባለ መርፌ ጥቂት ናሙና ቢወስዱ፣ ብዙዋ ሴት ያለ ጠባሳ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ካንሰር ቢሆንም ቀዶ ጥገናው አስቀድሞ ታስቦበት ይከናወናል። ቢላዋ ተራው የሚደርሰው መርፌ ሊደርስበት የማይችል ስፍራ ሲሆን፣ ወይም የመርፌው ውጤት ከራጁ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው።

ያን ጊዜም ቢሆን ቸኵሎ መስፋት አያስፈልግም። የወጣው ሥጋ ቍስሉ ሳይዘጋ ራሱ ራጅ ይነሣ! ሴትዮዋ በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ለአንዳንዱ ሐኪም ይከብደው ይሆናል። ነገር ግን ነጠብጣቦቹ በወጣው ሥጋ ላይ ካልታዩ ቀዳጁ እዚያው ሳለ ጥቂት ይጨምራል። ከሰፋ በኋላ ከሆነ ግን ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያየው ጤነኛ ሥጋ «ካንሰር የለም» ያሰኛል፤ የተጠረጠረው ነገር ደግሞ ከነቦታው እንዳለ ይቀራል።