«ማዊ» ብቻ የቀረበት ጎራዴ

የካቲት 23 ሲቃረብ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር ከግድግዳ ላይ ጎራዴ ይወርዳል። በአመድ ይፈተጋል፣ በሎሚ ይታሻል፣ በጡብ ዱቄት ይወለወላል። ከተማ የሚቀርበው ሰው ደግሞ ብየዳ ቤት ወስዶ በግራይንደር ያስፍቀዋል። በማግስቱ በዓሉ ላይ ሲያብረቀርቅ ያየ ሁሉ «የአባት ዕቃ እንዲህ ነው እንጂ የሚያዘው!» ብሎ ያሞግሳል። ይህ ሙገሳ መቆም አለበት። ፈታጊው ክፉ አስቦ አይደለም፤ አባቱን ያከበረ ይመስለዋል። የሚያደርገው ግን አባቱ የተዉለትን ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ መፋቅ ነው።

ከቡሬ ወጣ ባለ መንደር የገጠመኝን ላውጋ። አንዲት እናት የአባታቸውን ጎራዴ ከሣጥን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «የአድዋ ነው ልጄ» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ለበዓል ብሎ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶት ስለቱ መስታወት መስሏል። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ አዘነበልሁት። ከእጀታው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ የአንበሳ ጭራና የያዘው መስቀል ዘንግ በጭላንጭል ይታያል፤ አንበሳው የለም። ከሥሩ የጽሑፍ መስመር ነበረ፤ ከመስመሩ የተረፉት ሁለት ፊደላት ናቸው፤ «ማዊ»።

«ዳግማዊ» ነው ወይስ «ቀዳማዊ»? ዳግማዊ ከሆነ ምኒልክ ነው። ቀዳማዊ ከሆነ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ጎራዴውም ከጥቅምት 23 ቀን 1923 የዘውድ በዓል ወዲህ የተሠራ ይሆናል፣ ከአድዋ ከ30 ዓመት በላይ ዘግይቶ። ከፊት የነበሩት ሁለት ፊደላት ቢተርፉ፣ ወይም ከኋላ የነበረው ስም ቢተርፍ፣ ነገሩ በአንድ እይታ ያልቅ ነበር። ብርጭቆ ወረቀቱ የበላው እነዚያኑ ነው።

የእኚህ እናት አባት በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገቡ አርበኛ እንደነበሩ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በጎጃም እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጠላትን እረፍት በነሱበት በዚያ ዘመን ማለት ነው። በ1933 የካቲት የማንኩሳ ምሽግ ሲደበደብ፣ ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ ይህ ጎራዴ ምናልባት በባለቤቱ ወገብ ላይ ነበረ። እናትየው ግን ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ «የአድዋ ነው» ብቻ። የአምስቱን ዓመት አርበኝነት ትተው ወደ 1888 የሄዱት አድዋ የከበረ ዋጋ ያለው ስለመሰላቸው ነው። ይህን ያስተማራቸው ዛሬ አሮጌ ብረት ሁሉ «የአድዋ» ካልተባለ የማይቆጠርበት ወሬ ነው። ጽሑፉ «ዳግማዊ» ይል ቢሆን እንኳ አድዋን አያረጋግጥም። ምኒልክ እስከ 1906 ነግሠዋል፤ ከአድዋ በኋላም ብዙ ስለት ወደ አገር ገብቷል።

ስለት «ገብቷል» ማለቴ የሚያስደነግጠው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሾተሉን ጎንበስ አድርገው የቀጠቀጡት የአገራችን አንጥረኞች ናቸው። በአንበሳና በግዕዝ ጽሑፍ ያጌጡት የዚያ ዘመን ጎራዴዎች ስለት ግን ብዙውን ጊዜ የአውሮፓ ሥራ ነው፤ በተለይ የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ። እጀታውን ከቀንድ፣ አፎቱን ከቆዳ የሠራው፣ ጫፉንም በብር ወይም በናስ የለበጠው የእኛ ባለሙያ ነው። የዞሊንገን ስም ከእጀታው ሥር ተመትቶ ሲያዩ «የፈረንጅ ነው፤ የውሸት ነው» ብለው ስሙን በሞረድ የሚያስጠፉ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለው ሰው የጎራዴውን የልደት ወረቀት ቀደደ ማለት ነው። የፋብሪካው ማኅተም ዘመኑን ለማጥበብ የሚያግዝ እውነተኛ ምስክር ነው። ዞሊንገን መሠራቱ አርበኛውን አያሳንሰውም፤ ምንሽሩም ውጅግራውም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው።

ያችው ዞሊንገን ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሂትለር ድርጅቶች በብዛት ጩቤ ሠርታለች። ዛሬ እነዚያን ጩቤዎች የሚሰበስቡ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች አንዱን እውነተኛ ነው ወይስ የውሸት ለማለት አጉሊ መነጽር ይዘው ሰዓታት ይቀመጣሉ። የሚፈልጉት ብልጭታ አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ ስለቱን አቋርጠው የሚሄዱ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች አሉ፤ እነሱ በቦታቸው አሉ ወይ? የእንጨት እጀታው ከብረቱ ጋር ሲገጥም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል ወይ? የአፎቱ ቀለም የመጀመሪያው ነው ወይስ በኋላ የተቀባ? ጭረቶቹ በውልወላ ከጠፉ ዋጋው ይወድቃል፤ በኋላ ጥሩ አድርጎ የሚመልሳቸው የለም። የዚያ ጩቤ ባለቤት ማን እንደነበረ ሳስብ ያመኛል። የግፈኛ ጩቤ በዚህ ጥንቃቄ ሲጠበቅ፣ አገሩን ያዳነው የጎጃም አርበኛ ጎራዴ በጡብ ዱቄት ይፈተጋል።

ሌላው ጥፋት ዝገት የዕድሜ ማረጋገጫ ነው የሚለው እምነት ነው። የአሮጌ ዕቃ ደላላ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። አዲስ ብረት በጨውና በኮምጣጤ ነክሮ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀብረው በአንድ ክረምት «የጥንት» ያደርገዋል። እውነተኛው እርጅና ግን ወጥ አይደለም። ብዙ ዓመት የኖረ ዝገት ብረቱን ጨምድዶ የያዘ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ በጣት ቢያሹት አይለቅም። አዲሱ ቀይ ነው፣ እንደ በርበሬ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል። በአንድ ጎራዴ ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። ውሃ በሚቋጥርበት በአፎቱ አፍና በጫፉ ይበረታል፤ እጅ በሚያዘወትረው ቦታ ይሳሳል፤ እጀታው ተጭኖ በሸፈነው ክፍል ብረቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ዝገት ለብሶ የመጣ ጎራዴ ሲያጋጥም መጠርጠር ይገባል።

እንግዲህ የሚያብረቀርቀውንም የዛገውንም ካላመንን ምን እንይ? የክፍሎቹን መስማማት። ስለቱ፣ እጀታው፣ አፎቱና ማንገቻው አብረው ያረጁ ናቸው ወይ? ስለቱ ከአፎቱ ጋር ጎንበስ ቀናው ይገጥማል ወይስ ሲገባ ይታገላል? አባቶቻችን ጎራዴን በቀኝ ጎናቸው ይታጠቁ ነበር፤ በግራ ጋሻ ስለሚይዙ። ታዲያ በእርግጥ የታጠቁት አፎት አንዱ ፊቱ ከልብስና ከጭን ጋር ሲፋተግ ኖሮ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ስፌቱ ይሳሳል። በምድጃ አጠገብ ሲሰቀል የኖረ ከሆነ በእጀታው ጥለትና በስፌቱ ጎድጓዳ የጭስ ጥቀርሻ ተቀምጧል። ያን ጥቀርሻ የሚያጥብ ሰው የቤቱን የሃምሳ ዓመት እሳት አብሮ ያጥባል።

አንድ ተቃውሞ ግን በቁም ነገር መመለስ አለበት። አንድ ሽማግሌ ይህን ስናገር ሰምተው «አባቶቻችንስ የዛገ ጎራዴ ይታጠቁ ነበር እንዴ? ነውር አልነበረም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጦረኛ መሣሪያውን ይጠርጋል፣ ይስላል፣ ቅባት ያስነካል። ያ ግን የባለቤቱ እጅ ነው፤ ሲስለው ሞረዱ ያረፈበት ቦታ ራሱ ስለ ሰውየው ይናገራል፣ ስለቱ የተሸረፈበትም ቦታ ይናገራል። የልጅ ልጁ ግራይንደር የዚያን ሁሉ ዓመት ምልክት በአሥር ደቂቃ ጠርጎ በራሱ ይተካዋል። እንደ አንበሳውና እንደ ጽሑፉ ያለ የአሲድ ቅርጽ ደግሞ ከወረቀት ብዙም የማይበልጥ ጥልቀት ስላለው መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ዝገቱ እንዳይቀጥል ከሆነ የታሰበው፣ በቀጭን የማሽን ዘይት የራሰ ለስላሳ ጥጥ ይበቃል። ጎራዴውንም ሁልጊዜ በቆዳ አፎቱ ውስጥ አለመተው ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የጎጃም ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው። ዘይት ነክቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ አፎቱን ከጎኑ ማስቀመጥ፤ ከዚህ ያለፈውን ለቅርስ ባለሙያ መተው። ለደላላ ደግሞ በፍጹም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ይከለክላል፤ «ፈረንጅ ይገዛዋል» የሚለውን ሰው ይህን ማስታወስ ነው።

ወደ እናትየው ልመለስ። አፎቱስ የት አለ አልኋቸው። የልጅ ልጁ ገበያ ወስዶ አዲስ ቀይ ቆዳ ሊያስለብሰው በፌስታል አድርጎ በር ላይ አንጠልጥሎታል። አወጣሁት። ቆዳው በአንድ ፊቱ እንደ ሐር ለስልሷል፤ በሌላው ፊት ስፌቱ እንዳለ ነው። ከላይ፣ ከማንገቻው ሥር፣ በወስፌ የተወጋ ይመስላል፤ አምስት ጥቃቅን ቀዳዳ በረድፍ። «ይኸ ምንድን ነው?» አልሁ። እናትየው ጣታቸውን በቀዳዳዎቹ ላይ እያሳለፉ ብዙ ዝም አሉ። «አባቴ ክረምቱን ነው እንዲህ የሚቆጥረው» አሉ በመጨረሻ። «ጫካ የከረመበትን። አንድ ክረምት፣ አንድ ቀዳዳ።»

ልጁ ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ገበያ አልሄደም።