መልስ መምረጥና ሐሳብን መናገር

የሶፍትዌር ምህንድስና የሥራ ቃለ መጠይቅ ከብዙ ሙያዎች ፈተና የሚለየው፣ ተወዳዳሪው በጠያቂዎቹ ፊት ኮድ እየጻፈ የሚያስበውን ሁሉ በአንደበቱ እንዲያስረዳ ስለሚጠበቅበት ነው። በተለመደው ጥያቄ፣ ከ1,000 ቁጥሮች መካከል ድምራቸው የተፈለገውን ውጤት የሚሰጡ ሁለቱን የሚለይ ፕሮግራም እንዲጽፍ ይታዘዛል። እያንዳንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር እያጣመሩ መሞከር እስከ 499,500 ጥንዶችን መፈተሽ ሲጠይቅ፣ የታለፉትን ቁጥሮች በ«ሐሽ ቴብል»፣ ማለትም የተቀመጠውን ሁሉ ሳይበረብሩ የተፈለገውን በቀጥታ ለማውጣት በሚያስችል የመረጃ አደረጃጀት፣ እየመዘገቡ መሄድ ግን ዝርዝሩን አንድ ጊዜ በማለፍ ብቻ ያበቃል። ጠያቂው የሚመዝነውም መልሱን ብቻ ሳይሆን፣ ተወዳዳሪው ቁጥሮቹ ይደጋገሙ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቁንና የመጀመሪያውን መንገድ ለምን እንደተወው መግለጹን ጭምር ነው።

በምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠና ወጣት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በምርጫ ጥያቄዎች የተዋቀረ በመሆኑ፣ ተማሪው ዝም ብሎ ትክክለኛውን ፊደል መለየትን ይለማመዳል እንጂ ሐሳቡ እንዴት እንደተወለደ መናገርን አይለማመድም፤ በዚያ ላይ ማስረዳት ያለበት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ደግሞ የሚያስቆጨው በምሥራቅ ጎጃም መሆኑ ነው። ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ተማሪው ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለበትን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ የሚያቀርብበት «ነገራ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ መምህሩም ሰምቶ የተሳተውን እዚያው ያቀናል። የአልጎሪዝም፣ ማለትም የስሌት ቅደም ተከተል፣ መምህራን ከሴሚስተሩ ጥቂት ሰዓታት ቀንሰው ተማሪውን በሰሌዳ ፊት እንዲህ ቢያናግሩት የሚጠይቀው ጠመኔና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ሲሆን የሚገጥመው የኔትወርክ ችግር ግን በተማሪው ትጋት አይፈታም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በቪዲዮ የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ ለብዙዎች ሊታሰብ የሚችል አልነበረም፤ በአካል ለመቅረብም የዓባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ያስፈልግ ነበር። ቀጣሪዎች መስመር ሲቋረጥ የተወዳዳሪውን ዝምታ እንደ አለማወቅ ከመቁጠራቸው በፊት፣ ጥያቄውን በስልክ የሚቀጥሉበትን ወይም ሌላ ቀን የሚይዙበትን ደንብ አስቀድመው ሊያሳውቁት ይገባል።